የቆመውን ለካ

ከሻሸመኔ ተነስቶ በአላባ ቁሊቶና በሾኔ አልፎ ወደ ሶዶ የሚዘልቀው አስፋልት ቦዲቲን መሀል ለመሀል ያቋርጣታል። ያን አስፋልት ብቻ እየረገጠ የሚውል ሰው የሞተር ሳይክሉን የፊት አሞርዛተር ለዓመታት ሳያስበው ሊኖር ይችላል። እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለ ሞተረኛ አልነበረም። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ወደ ዳሞት ጋሌ ቀበሌዎች፣ ወደ ሻንቶ፣ ወደ ዱጉና ፋንጎ ቆላ የሚነጠሉት መንገዶች ቀይ አፈርና ኮረኮንች ነበሩ። በበጋ ደቃቁ አቧራ ዘይት ያለበትን ቦታ ሁሉ ፈልጎ ይገባል፤ በክረምት ጭቃው ጎማና መርገጫ አንድ ላይ ይይዛል። ሞተሩ ሁለት ሰው፣ አንዳንዴም ሦስት፣ ከኋላ አንድ ጆንያ በቆሎ፣ መሪው ላይ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ይዞ በዚያ መንገድ ይወርዳል። ጉድጓዱን ከፊት የሚቀበሉት ከመሪው ስር የቆሙት ሁለት እግሮች ናቸው። ውስጣቸው አንዳንድ ሞላና ጥቂት ዘይት አለ። የዚያ ዘይት ከፍታ ስንት ሰው እንደሚነካ ያየሁት ቦዲቲ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት ስጠብቅ አጎቴ አንድ የሞተር ጋራዥ አስገባኝ። ጋራዥ ይባል እንጂ ሁለት ወገኑ ቆርቆሮ፣ አንድ ወገኑ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ፊቱ ለመንገዱ የተከፈተ መጠለያ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ያደጉት ሶዶ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የወላይታ ግብርና ልማት ድርጅት፣ ሰዉ በአጭሩ ዋዱ የሚለው፣ መኪኖቹ ወደ ገጠር ሲወጡና ጭቃ ለብሰው ሲመለሱ እያዩ ነው ልጅነታቸው ያለፈው። የመካኒክ ሥራን የጀመሩት ጎማ በማጠብ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፋቸው ትልቁ ልማድ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማንኛውም ብሎን ከመፈታቱ በፊት «መጽሐፉ ምን ይላል?» ይሉ ነበር። በላስቲክ የጠቀለሉት፣ ዳርና ዳሩ በግራሶ የጠቆረ የያማሃ የጥገና መጽሐፍ ነበራቸው። እንግሊዝኛውን እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ሥዕሉን እሳቸው ያነባሉ። ከሁለታችን ይበልጥ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ።

በከተማው የተለመደው አሠራር ሌላ ነበር። የፊት እግሩ ኳ ኳ ሲል ክዳኑ ይከፈትና ከላይ ዘይት ይጨመርበታል። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው፣ ያውም ወፍራሙ። መለኪያው የቡና ሲኒ ነው፤ ሲኒ ከሌለ ዓይን ነው። አሮጌው ዘይት ሳይፈስ አዲሱ ይጨመራል። በአንደኛው እግር በኩል ዘይት የሚያዘንብ ከሆነ ደግሞ ለዚያ እግር ብቻ ይጨመርና ሌላው እንዳለ ይተዋል። ባለ ሞተሩ አንድ ሁለት ጊዜ መሪውን ተጭኖ ይሞክራል፣ ጠንከር ካለለት ደስ ብሎት ይሄዳል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ይናደዱ ነበር፤ የሚናደዱት በመካኒኩ ላይ ነው። ባለ ሞተሩ ምን ያውቃል፣ ጠንካራ ነገር ሁሉ ደህና ይመስለዋል ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ የብስክሌት መንፊያ አምጥተው አፉን በአውራ ጣቴ እንድደፍን አዘዙኝ። «ግፋ» አሉ። ስጀምር ለስላሳ ነበር። እጀታው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ እምቢ አለ፣ ስለቀው ራሱ ተመለሰ። «ይኸ ሞላ የለውም አይደል? ታዲያ ማን መለሰው?» አየሩ ነው አልኩ። «አሞርዛተሩም ውስጥ ከዘይቱ በላይ አየር አለ። እሱም ሞላ ነው።» ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እግሩ ሲጨመቅ ከዘይቱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ይጠባል፤ ቦታው በግማሽ ሲጠብ የአየሩ ግፊት እጥፍ ይሆናል። ዘይት ሲበዛ ባዶው ቦታ ከመነሻው አጭር ነው፤ ስለዚህ እግሩ ገና መንገዱን ሳይጨርስ ይደርቃል፣ ግፊቱም መውጫ ሲያጣ ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲሉን፣ ገፍቶ ይወጣል። ዘይት ሲያንስ ደግሞ አየሩ አያግዝም፤ ሞላው ብቻውን ይቀርና እግሩ ታች ድረስ ወርዶ ብረት ከብረት ይጋጫል። ዘይቱ በእግሩ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ነው የሞላውን ዝላይ የሚያረጋው፤ ሲጎድል አየር ይቀላቀልበትና አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ምንም አያረጋም፤ የፊት ጎማው በኮረኮንቹ ላይ እየነጠረ መሬቱን ይለቃል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገራቸውን ተናገሩ፣ እኔም እስከ ዛሬ የምሠራበትን፦ «የፈሰሰውን አትቁጠር፣ የቆመውን ለካ።»

መጽሐፉ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። አንዱ በየእግሩ የሚጨመረው ዘይት በሲሲ ነው። ሌላው ዘይቱ ከገባ በኋላ ከእግሩ ቱቦ አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለው ባዶ ቦታ በሚሊሜትር ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ መጽሐፉን ይዘጋል። ነገር ግን አሞርዛተር ሲፈስ ጨርሶ አይደርቅም፤ በየስንጥቁ፣ በሞላው ላይ፣ በውስጥ ክፍሎቹ ላይ ጥቂት አሮጌ ዘይት ይቀራል። ግራው እግር ላይ የቀረው ከቀኙ ጋር እኩል አይሆንም። የቱቦው የውስጥ ስፋት 30 ሚሊሜትር ቢሆን 10 ሲሲ ዘይት ከፍታውን 14 ሚሊሜትር ያህል ያነሳዋል። 10 ሲሲ ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ውስጥ በልኩ እኩል አፍስሼ ሁለቱም እግር እኩል ላይሆን ይችላል። የቆመውን የለካ ሰው ግን የቀረው ቢቀር፣ የፈሰሰው ቢፈስ፣ መጨረሻው ልክ ይሆናል። እዚህ ላይ የእኔን እምነት ልጨምር፦ የሁለት የሦስት ሚሊሜትር ልዩነት ነጂው አይሰማውም፤ ሁለቱ እግሮች ከታች በአንድ አክስል የታሰሩ ናቸው፣ ይካፈሉታል። የጣት ያህል ልዩነት ግን ይሰማዋል፣ ቱቦውንና ኦይል ሲሉንም ቀስ እያለ ይበላል።

ዘይት የሚያረጋቸው ቴሌስኮፕ እግሮች በፋብሪካ ሞተር ላይ መጀመሪያ የመጡት ቢኤምደብሊው በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አር 12 እና አር 17 ነው። ይህን በኋላ አንብቤ ለጋሼ ስነግራቸው «ታዲያ ይኸን ያህል ዘመን ሲኒ ሲኒ እያሉ ነው?» አሉ፣ ከልባቸው እያዘኑ። እኔ ጋራዡ ስገባ ቦዲቲ ውስጥ ያሉት ሞተሮች አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ነበሩ። ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ከተማውን የሞሉት ኋላ ነው። ሞተር በየገጠሩ የሚገባ ብቸኛ ታክሲ ሆነ፣ ስንት ወጣት በእሱ ቤት መሠረተ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ሲወጣ እኛ ጋ ነፍሰ ጡር የሚያደርሰው፣ የታመመ ልጅ የሚያመጣው ይኸው ሞተር ነበር። ስለዚህ ነገሩ ተራ የጥገና ጉዳይ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

መስከረም 2000 ዓ.ም. ሀገሩ ሚሊኒየም ሚሊኒየም ሲል፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት ነርስ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ሲስተር ነው የምንላት። ሞተሯ ያማሃ ኤጂ 100 ናት፤ ለእርሻ ተብላ የተሠራች፣ ሰንሰለቷ በሽፋን የተዘጋ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት። ሲስተር ከኋላው መጫኛ ላይ የክትባት ሳጥን አስራ ወደ ቢላቴ በኩል ወዳለው ቆላ ትወርዳለች። ፊቷ ላይ አቧራ፣ ጫማዋ ላይ ዘይት ነበር።

«ምን ሆነሽ ትገፊያለሽ ልጄ?» አሏት ጋሼ።

«ጋሼ፣ ፍሬን አልይዝ አለችኝ። ቁልቁለቱ ላይ የፊቱን ስይዝ መሪዋ ጥልቅ ብሎ ይወርድና ኳ ይላል። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ፍሬኑ ራሱ ጠፋ። በእግሬ መሬት እየጎተትኩ ነው የቆምኩት።»

ጋሼ ተቀምጠው የግራውን እግር በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱ። ጣታቸው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ዘይቱ ከኦይል ሲሉ ወጥቶ በእግሩ ወርዶ፣ በታምቡሮው ጠርዝ ገብቶ የፍሬኑን ሸራ አርሶታል። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «ሸራ ዘይት ከጠጣ ሸራ አይደለም» አሉ። ሲስተር ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ዘይት አስጨምራ እንደነበር ነገረችን። የትኛው እግር ላይ እንደተጨመረ አላየችም።

ጎማውን አወጣን፣ ሁለቱን እግሮች ፈታን። ቀኙን በጨርቅ ጠቅልለን ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርገን አቆምነው። ቀጥ ማለቱ ላይ ጋሼ አይደራደሩም፤ ያዘነበለ ቱቦ ዘይቱን አዘንብሎ ያሳያል። ክዳኑን ስፈታ በሌላ እጄ ተጭኜ እንድይዘው አስጠነቀቁኝ፤ ሞላው ከስር ይገፋል። የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ክዳኑ መዳፌን መታኝና ቆመ። ከክዳኑ ስር ሞላው፣ ከሞላው ጋር ደግሞ ወፍራም ጥቁር የሞተር ዘይት ብቅ አለ። ግራውን ስንከፍት ውስጡ አየር ነበር። የታችኛውን የማፍሰሻ ብሎን አውጥተን ብንነቀንቀው የወጣው ዘይት የጣሳ ክዳን አይሞላም። ግራጫ ነው፣ የአሉሚኒየም ብናኝ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፣ ሽታው የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ነው። አሮጌ የአሞርዛተር ዘይት የሸተተው ሰው አይረሳውም። አንዱ እግር ዘይት የበዛበት፣ አንዱ ባዶ። ሲስተር አጎንብሳ አየችውና ዝም አለች። ከዚያ «በዚህ ነው ስወርድ የነበረው?» አለች።

ኦይል ሲሉ ከሶዶ በሚኒባስ መጣ። የፍሬን ሸራውም አብሮ። ዘይቱ ላይ ጋሼ የራሳቸው ምርጫ ነበራቸው። ለመኪና መሪና ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሸጠውን ቀዩን ቀጭን ዘይት ነው የሚጠቀሙት፤ ውፍረቱ መጽሐፉ ለሞተሩ ከሚለው 10 ቁጥር የአሞርዛተር ዘይት ብዙ አይርቅም፣ እሱ ደግሞ በከተማው ይገኛል። ቦዲቲ ወይና ደጋ ናት፤ ማለዳ ላይ ወፍራሙ የሞተር ዘይት ይተኛና እግሩ አልንቀሳቀስ ይላል። ቀትር ላይ ቆላ ሲወርድ ይቀጥናል። ቀጭኑም በሙቀት መቀየሩ አይቀርም፣ ነገር ግን ነጂው ጠዋት የሚያውቀው ሞተር ቀትር ላይ ባዕድ አይሆንበትም።

ሁለቱንም እግሮች በነጭ ጋዝ ደጋግመን አጠብን፣ ገልብጠን አቁመን አንጠበጠብን። ሌሊቱን እንዲያድሩ ተደረገ። በማግስቱ መለኪያው ላይ ተቸገርን። ጋሼ ዘይት ከበዛ በጨርቅ እያጠቀሱ ነበር የሚቀንሱት፤ አድካሚና ቆሻሻ ያለበት ሥራ ነው፣ ክር ይጥላል። ሲስተር ቆማ ስታያቸው ድንገት «ጋሼ፣ ስሪንጅ ቢሆንስ?» አለች። ሄዳ ትልቁን ባለ 60 ሲሲ ስሪንጅና ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ጊዜው ያለፈበት የግሉኮስ ቱቦ ይዛ መጣች። ቱቦው ለስላሳ ስለሆነ ይታጠፋል። ጋሼ ቀጭን ሽቦ አቃኑና ቱቦውን በሕክምና ፕላስተር ከሽቦው ጋር አሰሩት። ከጫፉ ተነስተው በማስመሪያ መጽሐፉ ያለውን ያህል ሚሊሜትር ለኩና እዚያ ላይ አግድም ስንጥር አሰሩ። ስንጥሩ የእግሩ አፍ ላይ ሲያርፍ የግሉኮሱ ቱቦ ጫፍ ልክ ዘይቱ መቆም ያለበት ቦታ ላይ ይሆናል።

ዘይቱን ከሚገባው ትንሽ አትርፈን አፈሰስን። ከዚያ እግሩን ወደ ላይ ወደ ታች ቀስ እያልኩ አንቀሳቀስኩት። መጀመሪያ ጉልግል ይላል፤ ውስጥ የተያዘው አየር ነው። እጄ ላይ ያለው ክብደት ወጣ ገባ ይላል። እየቆየ አንድ ወጥ ሆነ፣ አረፋው ወደ ላይ ወጣ፣ ጋሼም ሻይ እስክንጠጣ እንድናቆየው አዘዙ። አረፋ ያለበትን ዘይት መለካት ራስን ማታለል ነው ይሉ ነበር። ሻዩ አለቀ። እግሩን እስከ መጨረሻው ጨመቅነው፣ ሞላው ውጭ ነው። ጋሼ ስንጥሩን አፉ ላይ አሳረፉና ስሪንጁን ለሲስተር ሰጧት። «የእጅሽ ሥራ ነው» አሏት። ቀስ ብላ ሳበች። ቀዩ ዘይት በቱቦው ወጣ፣ ስሪንጁ ውስጥ መነሳት ጀመረ፣ ከዚያ ድንገት አየር መጠጠና ድምፁ ተለወጠ። ዘይቱ ከጫፉ በታች ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በላይ መቀነስ አይችልም፤ መለኪያው ራሱ ያቆማል። ግራውንም እንዲሁ። ከሁለቱ እግሮች የወጣው ትርፍ አንድ አልነበረም። እኔ እኩል ነበር ያፈሰስኩት።

ሞላዎቹን መልሰን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ አዲሱን ሸራ ገጥመን ሞተሯ ቆመች። ጋሼ ገና አልጨረሱም። ከኪሳቸው የስፌት ክር አውጥተው በቀኙ እግር የላይኛው ቱቦ ላይ አንድ ዙር አሰሩ፣ ከኦይል ሲሉ ጋር አስጠግተው። «ስትወርዱ ይኸን ክር ወደ ላይ እየገፋ ይሄዳል። እስከ የት እንደደረሰ ታያለህ። ከእሷ ጋር ውረድ።»

በማግስቱ ጠዋት ከሲስተር ጀርባ ተቀመጥኩ፣ የክትባቱን ሳጥን በትከሻዬ አንግቼ። ሳጥኑ ውስጥ የበረዶ ጥቅሎች አሉ፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ ስለዚህ መንገድ ላይ መቆም የለም። እንሰቱና ባሕር ዛፉ እያለቀ፣ በቆሎውና ጠፍ መሬቱ እየበዛ ሄደ። ሙቀቱ ከታች ይነሳል። ሲስተር ከዚያ በፊት ሞተሯን ያቆመችበት ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ትከሻዋ ሲጠነክር ከኋላ ሆኜ አየሁት። ፍሬን ያዘች። ፊቱ ወረደ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የወረደው፣ ወርዶም ቆመ። ኳ የሚል ነገር አልሰማሁም። ጎማው በዝናብ የተቦረቦረው ላይ ሲገባ መሪው ተንቀጠቀጠና ወዲያው ረጋ። ትከሻዋ ላላ። እዚያው ዘወር ሳትል «ሌላ ሞተር ሆነች እኮ» አለች።

ቆላው ስንደርስ በአንድ ሾላ ጥላ ስር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቁ ነበር። «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ሰላምታ ሲለዋወጡ ሲስተር ሳጥኑን ከፈተች፤ በረዶው አልሟሟም። እኔ ሥራዬን አስታወስኩና ክሩን ለማየት አጎነበስኩ። ክሩ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ከሚደርስበት ቦታ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆሟል። ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ሁለት ሰውና ሳጥን ተጭኖ አንዴም ታች አልነካም። ቱቦውን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ለጋሼ የምነግረው ነገር በማግኘቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንዲት እናት ምን እንደማይ በወላይትኛ ጠየቀችኝ። መንገዱ ሞተሯን እንዳልጎዳት እያየሁ ነው አልኳት። «ያለ እሷ እኛ ነን ወደ ቦዲቲ የምንወጣው» አለችኝ፣ ልጇን ወደ ሌላው ጎን እያዞረች።

ወሬው ደረሰ መሰለኝ፣ ከጊፋታ በኋላ የየመሥሪያ ቤቱ ሞተሮች ተራ በተራ መጡ። የፊት እግር ስንከፍት ያላየነው ነገር የለም። አንዱ ውስጥ ያለው ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት የበዛበት ቡና መስሏል፤ ባለሞተሩ ወንዝ እስከ መሪው ድረስ ይገባ ነበር። ሌላው ውስጥ ሞላው ደክሟል ተብሎ ሮንዴላ በሮንዴላ ተደራርቦበታል። ለአንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተሰጥቶታል። አንዱ እግር ላይ ኦይል ሲሉ እንዳያፈስ የካላማዳሪያ ቁራጭ ተጠምጥሟል፣ ከውስጡ አሸዋ ነው የወጣው፣ አሸዋውም የቱቦውን ክሮም ፍቆታል፤ ያ ቱቦ ከእንግዲህ አዲስ ኦይል ሲል ቢገባለትም ይቆርጠዋል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ሥራውን አቁመው ቁጭ አሉ። ቱቦው ይለወጥ ቢባል ዋጋው የት ይገኛል? በደቃቅ የአሸዋ ወረቀትና በዘይት ጫፉን አለሰለስነው፣ ለባለሞተሩም እውነቱን ነገሩት፦ «ዓመት አይቆይልህም፣ ግን ጠብታ ስታይ በዚያው ቀን ና።»

የመጨረሻው ሰው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፣ ዝምተኛ ወጣት። «ጋሼ፣ የእኔን ማየት አያስፈልግም፣ ልክ ነው» አለ። ጋሼ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አያምኑም። ከፈቱት። ሞላውን አውጥተው፣ እግሩን ጨምቀው ስንጥሩን አሳረፉና ስሪንጁን ሳቡ፤ አየር ብቻ መጣ። ማስመሪያ አስገቡ። ዘይቱ የሚነካው መጽሐፉ ያለው ቦታ ላይ ነበር። ሌላኛው እግርም እንደዚያው። «ማን ሠራልህ?» አሉት። «ራሴ ነኝ ጋሼ።» ከመቀመጫው ስር አንድ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ አወጣ፤ በጋለ ምስማር የተቃጠለ ምልክት አለበት።

ጋሼ ዘንጉን ተቀብለው ቱቦው ውስጥ አስገቡና አውጥተው አዩት። ዘይቱ ከምልክቱ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነው ያረሰው። «በዚህማ ጎዶሎ ነው» አሉ። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «ሞላው እያለ ነው የምለካው ጋሼ። መልሱት።» ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሳ። መጽሐፉ ሞላው ይውጣ ይላል አሉ ጋሼ፣ ላስቲኩን እየፈቱ። ወጣቱ ግን መጽሐፉን አልተቃወመም። መጀመሪያ መጽሐፉ እንዳለው ሞላውን አውጥቶ ለክቶ ነበር። ከዚያ ሞላውን ሲመልስ ብረቱ ቦታ ስለሚይዝ ዘይቱ ከፍ ይላል፤ ያን ከፍ ያለውን ነው ዘንጉ ላይ ያተመው። ገጠር ውስጥ ሆኖ ጠብታ ካየ ጎማ ማውጣት፣ ሞላ መምዘዝ አያስፈልገውም። ክዳኖቹን ሲፈታ ሞላው ወደ ላይ ይነሳል፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፣ ዘንጉን በሞላው መሀል ሰዶ ያያል።

ጋሼ ሞላውን መለሱት። ዘንጉን አስገቡ። ዘይቱ የተቃጠለው ምልክት ላይ ነበር፣ ሳይበልጥ ሳያንስ። ደግመው አስገቡት። ከዚያ ቡና ይምጣ አሉና ወጣቱን ከጎናቸው አስቀምጠው ዘንጉ የሚለካው ለዚችው ሞተር ብቻ እንደሆነ፣ ሞላው ቢለወጥ ምልክቱም እንደሚለወጥ፣ የዘይቱን ማርጀት ደግሞ ዘንጉ እንደማይናገር አንድ በአንድ አነሱለት። ወጣቱም እያንዳንዱን እሺ እያለ ተቀበለ። ዘይቱን በየዓመቱ ከክረምት መውጫ እንደሚቀይረውም ነገራቸው።

በማግስቱ ጋሼ ቀርከሃ እንድገዛ ላኩኝ። ለሲስተር ሞተር ዘንግ ቆረጡላት፣ ሞላው እያለ ለኩ። ምልክቱን ግን በምስማር አላቃጠሉትም። የተቃጠለ ቀርከሃ ዘይት ሲጠጣ ጠርዙ ይጠፋል ብለው በመጋዝ ጫፍ ጫር አደረጉበት።